የ«አቶ ለምን» ሕይወትና የሃያ አንድ ዓመት ጥያቄያቸው

ሰውን ከአፈር ያበጀ፣ ለአንዱ ብርቱ ክንድ፣ ለአንዱ ያማረ ድምፅ፣ ለሌላው ደግሞ የማያርፍ ጥያቄ ያደለ አምላክ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ሥራችሁን ትታችሁ፣ እግራችሁን አድክማችሁ በዚህ የተሰበሰባችሁ ዘመድ ወዳጆች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች ሁሉ፣ በፊታችን ያረፉት ወንድማችን በመዝገብ ከሰፈረው ስማቸው ይልቅ «አቶ ለምን» በሚለው መጠሪያ የታወቁ ስለ ሆኑ፣ ቤተሰቡም ሌላውን ስም ቢጠራ ግማሹ ለቀስተኛ «ለመሆኑ የሞተው ማን ነው?» እየተባባለ እንዳይደናገር ስለ ሰጋ፣ ይህ ዜና ሕይወት በዚሁ መጠሪያቸው ይነበባል።

አቶ ለምን ከፖስታ አዳይ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ባለ ሁለት ክፍል በሆነች ቤት፣ ከአንድ ታላቅ ወንድም ቀጥለው ተወለዱ። እናታቸው በሕይወት ሳሉ ይመሰክሩ እንደ ነበረው፣ አፋቸውን የፈቱት እንደ ሌላው ሕፃን እናትና አባታቸውን በመጥራት ሳይሆን «ለምን?» በማለት ነው። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የአባታቸውን የብስክሌት ደወል ፈታትተው ድምፁ ከየት እንደሚወጣ ሲመረምሩ አንዲት ትንሽ ብሎን ስለ ጠፋቻቸው፣ አባታቸው ለሦስት ቀን ያህል ደብዳቤ ሲያድሉ በየመታጠፊያው «ቅጭል! ቅጭል!» እያሉ በአፋቸው መንገድ ለማስለቀቅ ተገደዋል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት በደረሰ ጊዜ፣ ታላቅ ወንድማቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት አዘንብለው ከግእዙ ቅኔውን፣ ከቅኔው ትርጓሜውን ሲከተሉ፣ እርሳቸው ግን ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ገብተው ሳይንስን መረጡ። የፊዚክስ መምህራቸው በማስረጃቸው ጀርባ ላይ «ልጁ ጎበዝ ነው፤ ነገር ግን እርሱ ጠይቆ ሳይጨርስ ክፍለ ጊዜው ያልቃል» ብለው የጻፉላቸውን ወረቀት አቶ ለምን እንደ ሽልማት ቆጥረው በመስታወት አሠርተው ሰቅለውት ነበር።

ከዚህም በኋላ በስልክ መሥሪያ ቤት የኬብል ሥራ ሠልጥነው፣ በሃያ አንድ ዓመታቸው በከተማው መንገዶች ሥር ወዳሉት ጉድጓዶች ወርደው፣ ባለ ቀለም ሽፋን የለበሱ ቀጫጭን ሽቦዎችን ጥንድ ጥንዱን እየለዩ መቀጠል ጀመሩ። በዚያ መሥሪያ ቤት ለእያንዳንዱ ብልሽት አንድ ቅጽ ይሞላል፤ ቅጹም ብልሽቱ የደረሰበት ቦታ፣ ምክንያቱና ጥገናው የሚጻፍባቸው ሦስት ዓምዶች አሉት። ሌሎቹ ሠራተኞች በምክንያት ዓምድ ላይ «እርጥበት» ብለው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ፣ አቶ ለምን ግን እርጥበቱ በየት በኩል እንደ ገባ፣ የገባበትን ቀዳዳ ማን እንደ ቀደደው፣ የቀደደችው አይጥ ብትሆን እንኳ ከስንቱ ኬብል ያንን አንዱን ለምን እንደ መረጠች ሳያውቁ አይፈርሙም ነበር። የብልሽት ክፍሉ ኃላፊ «አንተ ቅጽ ስትሞላ እኔ ጡረታ እወጣለሁ!» እያሉ ይቆጡ እንጂ፣ እርሳቸው የነኩት መስመር ዳግመኛ እንደማይበላሽ ያውቁ ስለ ነበር ከባዱን ብልሽት ለሌላ ሰው አልሰጡም።

ትዳራቸውንም ያገኙት በዚሁ በብልሽት ነው። የትምህርት ቤት ጸሐፊ የነበሩት የዛሬዋ ባለቤታቸው፣ በቤታቸው ያለው ስልክ ልብስ በተሰጣ ቁጥር ማንም ሳይደውል ስለሚጮህ አመለከቱ። አቶ ለምን መጥተው የልብስ ማስጫው ገመድ ከስልክ ሽቦው ማሰሪያ ጋር እንደ ተያያዘ አይተው በአሥር ደቂቃ ፈቱት፤ በማግሥቱ ግን ገመዱ ሲረጥብና ሲደርቅ ያለውን ልዩነት ለማጥናት፣ በሦስተኛውም ቀን አንሶላና ሸሚዝ ሲሰጣ የሚኖረውን የክብደት ልዩነት ለመለካት ተመልሰው መጡ። ባለቤታቸው ይህን ሲተርኩ፣ «ሸሚዝ ሊመዝን የመጣ ቀን ምክንያቱ እኔ እንደ ሆንኩ ገባኝ፤ እሱ ግን እስኪገባው ሌላ ስድስት ወር ፈጀበት» ይላሉ። በጋብቻቸውም ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል።

አቶ ለምን አርባ ዓመት በሞላቸው ጊዜ፣ ከዚያ ቀን በፊት ያልተሳሳቱት ሰው አንድ ታላቅ ስሕተት ፈጸሙ። በጉድጓድ ውስጥ ሲቀጥሉ ቀዩ ሽቦ እንደ ታጠበ ጨርቅ ደብዝዞ ታያቸውና፣ የጥርስ ሐኪሙን መስመር ከሬሳ ሣጥን ሠሪው መስመር ጋር አቀያየሩት። ስለዚህም ጥርሱን አሞት ቀጠሮ ለመያዝ የደወለ ሁሉ፣ ከወዲያ በኩል በተረጋጋ ድምፅ «ቁመትዎ ስንት ነው?» ተብሎ ይጠየቅ ጀመር፤ ሣጥን ሊያዝዙ የደወሉ ሐዘንተኞችም በበኩላቸው «አይጨነቁ፣ መጀመሪያ አጥበን እናየዋለን፤ ካልሆነ እንነቅለዋለን» ተባሉ። የተከበሩት ሣጥን ሠሪ ዛሬ በሥራቸውም በወዳጅነታቸውም ምክንያት ከመካከላችን ይገኛሉና ቤተሰቡ ያመሰግናቸዋል።

አቶ ለምን ስሕተቱ የዓይናቸው መሆኑን በራሳቸው መርምረው ደረሱበት፤ ብዙም ሳይቆይ እግራቸው ይደነዝዝ፣ ደረጃም ይከብዳቸው ስለ ጀመረ ወደ ነርቭ ሐኪም ቀርበው የጭንቅላትና የአከርካሪ ምስል ተነሡ። ሐኪሟም በሽታው መልቲፕል ስክሌሮሲስ እንደሚባል፣ በነርቮች ላይ ያለውን ሽፋን የራስ ሰውነት መከላከያ ስቶ እንደሚያቆስለው በትሕትና አስረዷቸው። የሽቦ ሽፋን በመጠገን የኖሩ ሰው ይህን ሲሰሙ ከመደንገጥ ይልቅ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉ።

«ሽፋኑን የላጠው የራሴ ሰውነት ከሆነ፣ ለምን ላጠው?»

«ብዙ የሚጠረጠሩ ነገሮች አሉ፤ በዘር የሚመጣ ዝንባሌ፣ ቀድሞ የያዘ ቫይረስ፣ የፀሐይ ብርሃን ማነስ… የእርስዎን ይኼ ነው ብዬ ለይቼ ግን ልነግርዎ አልችልም።»

«ታዲያ ምክንያቱን ካላወቁ የሚያክሙኝ ምንን ነው?»

«ሕመሙ ቶሎ ቶሎ እንዳይነሣ የሚያደርግ መርፌ ነው። የተጎዳውን አይመልስም፤ ገና ያልተጎዳውን ግን ይጠብቃል። ባይዘገዩ እመክራለሁ።»

አቶ ለምን ተነሥተው ባርኔጣቸውን አደረጉ። «ዶክተር፣ አክብሬዎታለሁ። ምክንያቱ የታወቀ ቀን ይደውሉልኝ፤ ስልኬ ይሠራል።»

አብረዋቸው የነበሩት ባለቤታቸውም ቤት ሲደርሱ «አንተ ሰው፣ ቤቱ እየተቃጠለ ክብሪቱን ማን ጫረው ትላለህ?» ብለው ሦስት ዓመት የዘለቀውን ክርክር ከፈቱ። እርሳቸው የሚሹት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ባላቸው መርፌውን ሳይጀምሩ ሌላ ጥቃት መጥቶ እጃቸውን እንዳይወስድባቸው። አቶ ለምን ደግሞ ለባለቤታቸው ያልነገሩት፣ ለታላቅ ወንድማቸው ብቻ የገለጡት ሌላ ጭንቀት ነበራቸው። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጠብቀው «ጋሼ፣ ይኼን ነገር ለልጆቼ አሳልፌባቸው ይሆን? ምክንያቱን ካላወቅሁ ይኼንን በምን አውቃለሁ? መጻሕፍቱ ምን ይላሉ?» ብለው ጠየቋቸው። ታላቅ ወንድማቸውም ብራናውን ሁሉ አገላብጠው በሦስተኛው ሳምንት፣ ነገሩ ለፈተና ሊሆን እንደሚችል፣ ለተግሣጽ ሊሆን እንደሚችል፣ ደግሞም ለሰው ያልተገለጠ ምሥጢር ሊሆን እንደሚችል አብራርተው ቢመልሱላቸው፣ «ሦስት መልስ ማለት መልስ የለም ማለት ነው፤ ለካ አንተም ከሐኪሟ ጋር ነህ!» ብለው አዝነው ሄዱ።

ምክንያትን ፍለጋ የዞሩት እንግዲህ ወደ ሆስፒታሉ ኮሪደር ነው። በዚያ ረጅም ወንበር ላይ ተራቸውን የሚጠብቁ ታማሚዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ምክንያትና የየራሳቸው መድኃኒት ነበራቸው። ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር ጥርሳቸው የተሞላበትን ብረት ይከስሱ ነበር፤ ፀጉር ሠሪዋ በልጅነቷ ከደረጃ ወድቃ የደነገጠችውን ድንጋጤ፤ የታክሲው ሾፌር ደግሞ በመኪናው መስኮት ሃያ ዓመት የገባውን ንፋስ። «ንፋስ ከሆነ ቀኝ ጎንህን ለምን ያምሃል? መስኮትህ በግራ ነው» ብለው አቶ ለምን ቢጠይቁት፣ ሾፌሩ እስከ ዛሬ ድረስ እያሰበበት ነው።

አቶ ለምን የሰሙትን ሁሉ በደብተር መዝግበው እንደ ሙያቸው ሥርዓት መፈተን ጀመሩ። በኬብል ሥራ የተበላሸ ጥንድ ሽቦ የሚለካው ከጎኑ ካለ ጤነኛ ጥንድ ጋር እየተነጻጸረ በመሆኑ፣ ለሕክምናውም ጤነኛ ማነጻጸሪያ አስፈለጋቸውና ባለቤታቸውን መረጡ። ስለዚህ እርሳቸው ስንዴ ሲተዉ ባለቤታቸው ተዉ፤ እርሳቸው ማለዳ በቀዝቃዛ ውኃ ሲታጠቡ ባለቤታቸውም እየጮኹ ታጠቡ፤ እርሳቸው ቀትር ላይ በሰገነቱ ለፀሐይ ሲሰጡ ባለቤታቸው ከጎናቸው ዣንጥላ ተከልክለው ተቀመጡ። ሁለቱም የማግኔት ቀበቶ የሚታጠቁበት ወር በደረሰ ጊዜ የትምህርት ቤቱ የመዝገብ ቤት ቁልፎች ጠፍተው መምህራን ሁሉ ሲፈልጉ ዋሉ፤ በመጨረሻም ከጸሐፊዋ ወገብ ላይ ከሁለት የሻይ ማንኪያዎች ጋር ተለጥፈው ተገኙ።

ውጤቱ እጅግ የሚያስደንቅ ሆነ። ባለቤታቸው ወዛቸው ጠራ፣ የጉልበታቸው ሕመም ተወ፣ ወገባቸው ቀጠነ፤ ጎረቤቶችም «ምን ተገኘ? ሙሽራ መሰልሽ!» ይሏቸው ጀመር። በደብተሩ ላይ ከእያንዳንዱ ሕክምና ሥር በአቶ ለምን የተስተካከለ ጽሕፈት «በጤነኛው ላይ ፍጹም ፈዋሽ ሆኖ ተገኝቷል፤ በታመመው ላይ ለውጥ የለም» ተብሎ ሰፍሯል።

ተራው የንብ ንድፊያ በሆነ ጊዜ ግን ባለቤታቸው «ንብማ ጋሼን ይንደፍ! የአንተን ወንድምነት የተሸከመ ንብ አይከብደውም» ብለው እምቢ ስላሉ ዕጣው በታላቅ ወንድማቸው ላይ ወደቀ። ንቢቱም ክንዳቸውን ትታ ቅንድባቸውን ነደፈቻቸው። በማግሥቱ አንድ ዓይናቸው ተዘግቶ ከሌላው ዕንባ እየፈሰሰ በጉባኤ ፊት ሲያነቡ፣ ምእመናኑ ምሥጢሩ ነክቷቸው መስሏቸው አብረው አለቀሱ። እንዲያ ያለ ፍሬያማ ንባብ ከዚያ ወዲህ አላጋጠመም።

ይህ ሁሉ ሲሆን በሽታው አልተኛም። በሁለተኛው ዓመት እግራቸውን ጎትቶ በትር አስያዛቸው፤ በሦስተኛው ዓመት በጉድጓድ ውስጥ ሳሉ ቀኝ እጃቸው በድንገት ዝም አለ፤ መቆንጠጫውም ከጣቶቻቸው ወድቆ ውኃ ውስጥ ገባ። በሆስፒታል ለአምስት ቀን በደም ሥራቸው መድኃኒት ከተሰጣቸው በኋላ ሦስቱ ጣቶች ተመለሱ፤ ሁለቱ ግን እንደ ደነዘዙ ቀሩ። ሐኪሟ አልተቆጡም፤ «የሚቀጥለው ጥቃት ስንቱን እንደሚመልስልን አላውቅም» አሉ ብቻ።

ያን ጊዜ ባለቤታቸው ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወደ ስልክ መሥሪያ ቤት ሄዱና በብልሽት ክፍሉ ኃላፊ ፊት ቆመው፣ «ባሌ ምክንያቱን ሳያውቅ የጠገነው መስመር አለ? አንድ ብቻ ይብቃኝ» ብለው ጠየቁ። ኃላፊው ከልባቸው ስቀው «እሱ? በሕልሙም!» ካሉ በኋላ ሳቃቸውን አቁመው ጥቂት አሰቡ፤ ወደ መዝገብ ቤቱም ገብተው አቧራ ለብሰው ወጡ። በእጃቸው የያዙት ቅጽ የአንድ የማዋለጃ ክፍል ስልክ የተቋረጠበት ነበር። አቶ ለምን ውኃ በሞላው ጉድጓድ ውስጥ ዘጠኝ ሰዓት ቆመው፣ የብልሽቱ ምክንያት ቢጠፋቸው በሌላ ጥንድ አዙረው መስመሩን ከከፈቱ በኋላ፣ በምክንያት ዓምድ ላይ «አልታወቀም። መስመሩ ይሠራል። ፍለጋው ይቀጥላል» ብለው ጽፈው ፈርመዋል።

ባለቤታቸው ቅጹን አምጥተው ከምሳ ሳህናቸው አጠገብ አኖሩት። አቶ ለምን መነጽራቸውን አድርገው ሦስት ጊዜ አነበቡት።

«ይኼ የኔ ጽሕፈት ነው» አሉ።

«የማን መስሎህ ነው? ምክንያቱን ሳታውቅ ለምን ጠገንከው?»

«እንዴ! ሴቶች እየወለዱ ነበራ! ሐኪም የሚጠራው በዚያ ስልክ ነው። ቆሜ እስክመረምር ይጠብቁ ልበል?»

«እኔስ?» አሉ ባለቤታቸው። «እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ስጠብቅ ምን አልክ? ስንዴ ተውኩ፣ በበረዶ ታጠብኩ፣ ማንኪያ ተለጥፎብኝ ሥራ ዋልኩ። ፍለጋውን ቀጥል አልኩህ እንጂ ተው አልኩህ? መስመሩን ክፈትልኝና ዕድሜህን ሙሉ ፈልግ!»

አቶ ለምን ቅጹን አጥፈው በኪሳቸው ከተቱ። በዚያች ምሳ ላይ ነው ስለ ልጆቻቸው ያደረባቸውን ፍርሃት ለመጀመሪያ ጊዜ ለባለቤታቸው የተናገሩት፤ ባለቤታቸውም በማግሥቱ እጃቸውን ይዘው ወደ ሐኪሟ ወሰዷቸው። ሐኪሟ የልጆቻቸው በበሽታው የመያዝ ዕድል ከሌላው ሰው ጥቂት ቢጨምርም በራሱ አነስተኛ እንደ ሆነ፣ ማንም አባት ይህን በፈቃዱ ለልጁ እንደማያወርስ ከገለጡላቸው በኋላ፣ አቶ ለምን ዓይናቸውን ጠረጉና «መርፌው የት አለ?» አሉ።

መርፌውን አንድ ቀን እየዘለሉ መውጋት የባለቤታቸው ድርሻ ሆነ። በብርቱካን ላይ እንዲለማመዱ ሲነገራቸው አቶ ለምን «ለምን ሎሚ አልሆነም?» ብለው ስለ ጠየቁ፣ የመጀመሪያው መርፌ ከሚገባው በላይ በጉልበት እንደ ገባ ይነገራል። መርፌው አልፈወሳቸውም፤ ይፈውሳልም ያላቸው አልነበረም። ጥቃቱ ግን እየራቀ ሄደ፤ እጃቸውም ከዚያ በላይ አልተጎዳም፤ እስከ ኀምሳ አምስት ዓመታቸው ድረስ፣ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው፣ አዳዲስ የኬብል ሠራተኞችን እያሠለጠኑ ዘለቁ።

ጥያቄያቸውም አልቆመም። ማክሰኞ ማክሰኞ ከላቦራቶሪው ፊት ለፊት ባለው ወንበር ታማሚዎችን እየሰበሰቡ የተነገረውን ሁሉ ያስመረምሩ ነበር፤ በዚያም ጉባኤ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ መርፌውን ያልወሰደ አይጠይቅም። «ከሐኪማችሁ የሸሸጋችሁት መድኃኒት ካለ እሱ መድኃኒት አይደለም፣ ውሽማ ነው» ይሉም ነበር። አንድ ጊዜ ነርቭን ሁሉ ይጠግናል የተባለ ዱቄት የሚሸጥ ሰው ወደዚያ ወንበር ቢመጣ፣ አቶ ለምን በትሕትና ከጎናቸው አስቀምጠው ስንት ሰው ላይ እንደ ተፈተነ፣ ከማን ጋር እንደ ተነጻጸረ፣ ያልዳኑት የት እንደ ተመዘገቡ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠየቁት። ባለ ዱቄቱም በመጨረሻ ላቡን ጠርጎ፣ ለራሱ ጨጓራ የሚሆን ደኅና ሐኪም ያውቁ እንደ ሆነ ጠየቃቸውና አድራሻ ተቀብሎ ሄደ።

አቶ ለምን በስድሳ አንድ ዓመታቸው ሳንባቸውን ታመው ሆስፒታል ገቡ። በዘጠነኛው ቀን ሐኪሟ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው፣ «የዚህኛውን ምክንያት እናውቀዋለን፤ ባክቴሪያ ነው፤ ስሙንም አግኝተነዋል» ቢሏቸው፣ አቶ ለምን ፊታቸው በራ፤ ስሙንም አስደግመው ሰሙት። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደ ያዙ፣ ሁለቱም ልጆቻቸው በአጠገባቸው ቆመው ሳለ፣ ማለዳ ላይ በሰላም ዐረፉ።

ከኋላቸው ያስቀሯቸው፣ ከስንዴው እስከ ማግኔቱ አብረዋቸው የታከሙትን ጤነኛዋን ባለቤታቸውን፤ አንደኛዋ የኬሚስትሪ መምህርት፣ ሁለተኛዋ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር የሆኑትን፣ በመልካም ጤና የሚገኙትን ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፤ ቅንድባቸው የዳነላቸውን ታላቅ ወንድማቸውን፤ እንዲሁም ከላቦራቶሪው ፊት ለፊት ባለው ወንበር የሚቀመጡትን ወዳጆቻቸውን ነው። እናንተ በወንበሩ ያላችሁ፣ ዛሬ መርፌያችሁን ሳትወስዱ ወደዚህ የመጣችሁ ካላችሁ፣ ከዚህ ስትመለሱ ትወስዱ ዘንድ ባለቤታቸው አደራ ብለዋል።

የተሰወረው ሁሉ በፊቱ የተገለጠ፣ የሽቦውንም የነርቩንም ሽፋን ያለበሰ እግዚአብሔር የወንድማችንን ነፍስ በቅዱሳኑ ማደሪያ ያሳርፍ፤ ለቤተሰባቸውና ለሕመም ባልንጀሮቻቸው መጽናናትን ያድል። በዙፋኑ ፊት ሲቆሙ ከአፋቸው የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል ምን እንደሚሆን እዚህ ያለን ሁሉ እናውቀዋለንና፣ በቸርነቱ እንዲመልስላቸው፣ በመጀመሪያው መልስ ባይረኩም እኛ በታገሥናቸው መጠን ሳይሆን በእርሱ ትዕግሥት ልክ እንዲታገሣቸው እንለምነዋለን። አሜን።